ከፈተና አዳራሽ በር ላይ መልስ ስናመሳክር

የሒሳብ ፈተናው እንዳበቃ ፈታኙ የጥያቄውንና የመልሱን ወረቀት ሰብስበው፣ ደግመው ቆጥረው፣ «አሁን መውጣት ትችላላችሁ» ሲሉን እስከ በሩ ድረስ ማንም አልተነፈሰም። ከበሩ ውጭ ግን አሥር እርምጃ እንኳ ሳንራመድ ክብ ሠርተን ቆምን። ቀድሞ አፉን የከፈተው ማን እንደ ነበረ አላስታውስም፤ «ያቺን የሎጋሪዝሟን ስንት አላችኋት?» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። ከዚያች ጥያቄ በኋላ በክቡ ውስጥ ያሳለፍኩት አርባ ደቂቃ ያህል ጊዜ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የተፈተንኩትን ፊዚክስ አበላሽቶብኛል። ይህን የምጽፈው ለብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ወጥ የሒሳብ ፈተና ለሚጠብቃቸው ተማሪዎች ነው። ከፈተናው በፊት ስለሚደረገው ዝግጅት ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ከበሩ እንደ ወጡ ስላለው አንድ ሰዓት ግን እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ጥያቄዋ እንዲህ የምትል ነበረች፦ መነሻቸው 2 የሆኑ ሁለት ሎጋሪዝሞች (2 በስንተኛ ኃይል ከፍ ሲል አንድን ቁጥር እንደሚሰጥ የሚናገሩ)፣ ማለትም የኤክስ ሎጋሪዝምና የ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ሎጋሪዝም፣ ተደምረው 3 ይሆናሉ፤ የኤክስ ዋጋ ስንት ነው? ስሠራት ሁለቱን ሎጋሪዝሞች ወደ አንድ ሰብስቤ፣ የኤክስና የ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ብዜት 8 እንደሚሆን አገኘሁ፤ ከዚያ የወጣውን ባለ ካሬ እኩልታ ስፈታ 4 እና -2 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች መጡልኝ። -2ን ወደ መጀመሪያው እኩልታ መልሼ ስተካው ግን የነጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም ፈልግ የሚል ሆኖ ስላገኘሁት ጣልኩት፤ «4 ብቻ» የሚለውን ምርጫም አጠቆርኩ። አዳራሹ ውስጥ ሳለሁ ስለዚህች ጥያቄ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም።

በክቡ ውስጥ በመጀመሪያ የመለሰው በክፍላችን በሒሳብ ችሎታው የሚታወቀው ልጅ ነበር። «መልሷ ሁለት ነው፤ 4 እና -2» አለ፣ ምንም ሳያመነታ። ወዲያው አንዱ «እኔም»፣ ሌላው «እኔም እንደዚያው»፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «ካሬ ስላለው ሁለት መሆን አለበት እኮ» እያሉ ተቀበሉት። ምክንያቴ በእጄ ነበር፤ «ነጌቲቭ ቁጥር እንዴት ሎጋሪዝም ይኖረዋል?» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግን «እኔም እንደዚያ መሰለኝ» አልኩ። ያላጠቆርኩትን አጠቆርኩ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ አራት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሲናገር ስለ ሰማሁ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት በእርግጠኝነት የሠራሁትን ሥራ ራሴ መጠራጠር ጀመርኩ። ከቁጥሮቹ ውጭ ነጌቲቩን ወደ ፖዘቲቭ የሚለውጠው የፍጹም ዋጋ ምልክት ኖሮ ሳላየው አልፌ ይሆን? እያልኩ አሰብኩ። ምልክቱ ቢኖር ኖሮ -2ም በእርግጥ መልስ ይሆን ነበር፤ የ2 ሎጋሪዝም 1፣ የ4 ሎጋሪዝም 2፣ ድምራቸውም 3 ነውና። የጥያቄው ወረቀት ተሰብስቦ ስለ ተወሰደ ይህን ጥርጣሬ የማጠፋበት መንገድ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ፊዚክስ ለመፈተን ተቀመጥኩ። ስለ ተወርዋሪ አካል የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚል አልገባኝም፤ እጄ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የጠዋቷን እኩልታ እንደገና ይጽፋል። ራሴን ተቆጥቼ ወደ ፊዚክሱ እመለሳለሁ፣ ሁለት ጥያቄ ሠርቼ ሳልጨርስ ያ -2 እንደገና ይመጣል። ፈታኟ አሥር ደቂቃ መቅረቱን ሲያስታውቁ ጨርሶ ያላነበብኳቸው ሰባት ጥያቄዎች ነበሩኝ፤ ጊዜው ስላልበቃኝ እነሱን እንዲሁ በግምት አጠቆርኩ። ፊዚክስ ከሒሳብ የበለጠ የምወደው ትምህርት ነበር። በግምት ካጠቆርኳቸው መካከል ሁለቱ በጣም ቀላል እንደ ነበሩ ያወቅኩት ጓደኞቼ ሲያወሩ በሰማሁ ጊዜ ነው።

ማታ ከቤት ስደርስ ከሁሉ አስቀድሜ የሎጋሪዝሙን ምዕራፍ ከመማሪያ መጽሐፉ ከፍቼ አነበብኩ፤ ጥያቄዋንም በንጹሕ ወረቀት ላይ እንደገና ሠራኋት። መልሷ 4 ብቻ ነበረ። በሳምንቱ ያንን ልጅ አግኝቼ ስነግረው ወረቀት አውጥቶ -2ን ተካ፤ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ወደ መጀመሪያው ሳልመልስ ነው ያጠቆርኩት» አለኝ። በእሱ ቅር የምሰኝበት ምክንያት የለኝም፤ ያመነበትን ነው የተናገረው። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ የአንድን መልስ ትክክለኛነት በተናጋሪው ስምና በተቀባዮቹ ብዛት ለካሁት።

አራት ሰዎች በአንድ የተሳሳተ መልስ ላይ እንዴት ሊስማሙ እንደሚችሉ በደንብ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ታናናሾችን ማስጠናት ጀምሬ የምርጫ ጥያቄዎችን ራሴ ሳዘጋጅ ነው። የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው የተሳሳቱትን አማራጮች በዘፈቀደ አይጽፋቸውም፤ ተማሪዎች አዘውትረው ከሚሠሯቸው ስህተቶች ይወስዳቸዋል። የዚያችን ጥያቄ አማራጮች ብንመለከት፣ መልሱን ወደ መጀመሪያው እኩልታ መልሶ ያላጣራ ተማሪ 4 እና -2 ላይ ይደርሳል። የሎጋሪዝሞች ድምር የቁጥሮቹን ብዜት እንደሚሰጥ ዘንግቶ ቁጥሮቹን የደመረ ተማሪ 5 ያገኛል። 2ን ሦስት ጊዜ በራሱ ማባዛቱን ትቶ ብዜቱን 3 ያደረገ ተማሪ ደግሞ 3 የሚል ቁጥር ይወጣለታል። ሦስቱም የስህተት መንገዶች በአማራጮቹ ውስጥ የየራሳቸው ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል። ስለዚህ ያገኘሁት ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል መገኘቱ ለትክክለኛነቱ ማስረጃ አይሆነኝም፤ ጓደኛዬም ያንኑ ቁጥር ማግኘቱ ቢበዛ ሁለታችንም በአንድ መንገድ መሄዳችንን ያሳያል። በተለይ ከአንድ መምህር የተማርን፣ አንድ ዓይነት አቋራጭ ያጠናን ከሆንን አንድ ዓይነት ስህተት መሥራታችን የሚጠበቅ ነው።

ይህን በቁጥርም ማየት ይቻላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ጥናት፣ የብዙኃን ድምፅ ወደ እውነት የሚቀርበው እያንዳንዱ ድምፅ ሰጪ ትክክል የመሆን ዕድሉ ከግማሽ በላይ ሲሆንና እያንዳንዱም ራሱን ችሎ ሲወስን መሆኑን አሳይቷል። አምስት ተማሪዎችን እንውሰድ። እያንዳንዳቸው አንድን ጥያቄ በትክክል የመመለስ ዕድላቸው 60 በመቶ ቢሆን፣ ቢያንስ ሦስቱ ትክክል የመሆናቸው ዕድል ወደ 68 በመቶ ከፍ ይላል፤ መሰባሰባቸው ጠቀማቸው ማለት ነው። ጥያቄው ከባድ ሆኖ የእያንዳንዳቸው ዕድል 30 በመቶ ብቻ ቢሆን ግን፣ ቢያንስ ሦስቱ ትክክል የመሆናቸው ዕድል ወደ 16 በመቶ ያሽቆለቁላል። ከፈተና በኋላ ክብ ሠርተን የምንከራከረው ደግሞ ስለ ቀላሎቹ ጥያቄዎች አይደለም፤ ሁልጊዜ የምናነሳው ብዙዎቻችንን ያስቸገሩትን፣ ማለትም ብዙኃኑ ሊሳሳትባቸው የሚችሉትን ነው። ራስን ችሎ መወሰን የሚለው ሁኔታም በክቡ ውስጥ የለም፤ ከመጀመሪያው ተናጋሪ በኋላ ያለነው ሁላችን የእሱን መልስ ሰምተን ነው የተናገርነው።

እኔ «እንደዚያ መሰለኝ» ያልኩበት ነገርም ከእኔ በፊት ብዙ የተጠና ነው። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ለሰዎች መስመሮችን እያሳየ የትኛው ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። መልሱ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ነገር ግን ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ተሳታፊዎች አስቀድመው ከተመራማሪው ጋር ተስማምተው የተሳሳተውን መልስ ጮክ ብለው ይናገራሉ። እውነተኛው ተፈታኝ በእነዚህ ዙሮች ከሰጣቸው መልሶች ከሦስት አንድ ያህሉ ከብዙኃኑ ስህተት ጋር የሚስማሙ ሆነው ተገኝተዋል። በመስመር ርዝመት ይህ ከሆነ፣ ከሁለት ሰዓት ፈተና በኋላ በደከመ አእምሮ ስለ ሎጋሪዝም ሲሆን ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ከዚያ ጥናት እኔን የጠቀመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እንኳ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር የተፈታኙ መንሸራተት በእጅጉ ቀንሷል። በኋላ እንደ ሰማሁት በዚያ ክብ ጠርዝ ላይ ቆማ የነበረች አንዲት ልጅም እንደ እኔው 4 ብቻ ብላ አጥቁራ ኖሯል፤ እሷ እኔን ፈርታ፣ እኔ እሷን ሳላይ ተለያየን። ስለዚህ የምታመሳክሩ ከሆነ፣ መልሳችሁ ብቸኛ ቢሆን እንኳ ከነምክንያቱ ተናገሩት፤ ከአጠገባችሁ ያው መልስ ይዞ ዝም ያለ ሰው ሊኖር ይችላል።

በዚያው ቀን የተነሣች ሌላ ጥያቄ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነገር አስተምራኛለች። አንድ ዳይስ ሁለት ጊዜ ሲጣል 6 የመውጣቱ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው የምትል ነበረች። አንዱ 11/36 አለ፣ እኔ 5/18 አልኩ፣ ሌላው 1/3 አለ፤ ሦስታችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተከራከርን። የመጨረሻው ስህተት ለመሆኑ ማስረዳት ይቻላል፤ 1/6ን ከ1/6 ጋር ስንደምር ሁለቱም ጊዜ 6 የወጣበትን አጋጣሚ ሁለት ጊዜ ቆጥረነዋል። የቀሩት ሁለቱ ግን ሁለቱም ትክክለኛ ስሌቶች ናቸው። ከ36ቱ አጋጣሚዎች ቢያንስ አንድ 6 ያለባቸው 11 ሲሆኑ፣ በትክክል አንድ 6 ብቻ ያለባቸው ደግሞ 10 ናቸው፤ 10/36 ሲቃለል 5/18 ይሆናል። ልዩነታችን ጥያቄው «ቢያንስ አንድ ጊዜ» ነው ወይስ «አንድ ጊዜ ብቻ» ነው ያለው የሚል ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ግን እርስ በርስ ሒሳብ አትችሉም እየተባባልን ቆየን። ሁለታችንም ቃሉን ባየንበት ገጽ ላይ የቱ ጋ እንደ ተጻፈ ጭምር እናስታውሳለን ባዮች ነበርን። ከዚያ ወዲህ ክርክር ሲጀመር አስቀድሜ የምጠይቀው «ጥያቄው ምን ነበር ያለው?» ብዬ ነው፤ ሁለት ሰዎች ጥያቄውን ራሱን በሁለት ዓይነት ካስታወሱት ወረቀቱ በሌለበት የሚደረገው ክርክር ፍጻሜ ስለሌለው እዚያው እተወዋለሁ።

መልሱ የሚጻፍባቸው ጥቂት ጥያቄዎችም በፈተናው መጨረሻ ላይ ነበሩ። ከነሱ አንዱ የሳይን ኤክስና የኮሳይን ኤክስን ብዜት ኢንተግራል የሚጠይቅ ነበር። አንዲት ጓደኛችን የጻፈችው መልስ የኮሳይን ካሬ ግማሽ ከነጌቲቭ ምልክቱ፣ ሲደመር ቋሚ ቁጥር የሚል ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ የሳይን ካሬ ግማሽ ሲደመር ቋሚ ቁጥር ብለው ስለ ነበር፣ እንባዋ መጣ። ማናችንም በዚያ ሰዓት ያላስተዋልነው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ነው። የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ድምር ሁልጊዜ 1 ስለሆነ፣ ሁለቱ መልሶች የሚለያዩት በግማሽ ብቻ ነው፤ ግማሽ ደግሞ በቋሚ ቁጥሩ ውስጥ ይገባል። የእጥፍ ማዕዘንን ቀመር ተጠቅሞ የሠራ ተማሪ በሦስተኛ መልክ፣ የሁለት ኤክስ ኮሳይን ሩብ ከነጌቲቭ ምልክቱ ብሎ ቢጽፈውም ትክክል ነው። ያች ልጅ ሙሉ ነጥብ በሚያስገኝ መልስ አለቀሰች፤ እኛ የከበብናት ጓደኞቿም በማጽናናት ፈንታ «ምናልባት ለአሠራሩ ጥቂት ነጥብ ይሰጡሻል» እያልን ጨመርንባት። ክፍልፋዮች፣ ሥርና ትሪጎኖሜትሪ ባሉባቸው መልሶች ላይ፣ መልካቸው ስለ ተለያየ ብቻ የተለያዩ ናቸው ብላችሁ አትፍረዱ፤ ለኤክስ አንድ ቁጥር ሰጥታችሁ ሁለቱንም ማስላት፣ ኢንተግራል ከሆነም ሁለቱንም መልሶ ዲፈረንሺየት ማድረግ ነገሩን በሁለት ደቂቃ ያጣራዋል።

የመልስ ፊደል ብቻ መለዋወጥ ደግሞ ጨርሶ ጥቅም የሌለው ነገር ነው። በትልልቅ ፈተናዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ ተማሪዎች እንዳይኮራረጁ የጥያቄዎቹና የምርጫዎቹ ቅደም ተከተል በተለያየ ኮድ ይለዋወጣል፤ «23ኛው ሐ ነው» የሚለው ወሬ ለሌላ ኮድ ባለቤት ምንም አይነግረውም። በኮምፒዩተር በሚሰጡት ላይ ጉዳዩ ከዚህም ይሰፋል። ለምሳሌ ከአሜሪካ ውጭ እ.ኤ.አ. በ2023፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2024 ወደ ዲጂታል የተለወጠው ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ የሒሳብ ክፍሉ 44 ጥያቄዎች በሁለት እኩል ክፍሎች የተከፈሉ ሲሆን፣ የሁለተኛው ክፍል ክብደት ተማሪው በመጀመሪያው ባሳየው ውጤት ይወሰናል። ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው የተለያየ ጥያቄ ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ለሙከራ የገቡ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው ሁለት ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ለተማሪው አይነገረውም። እንቅልፍ የነሣችሁ ጥያቄ ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወጥ ፈተናዎች ላይም የተገኘው ጥሬ ነጥብ እንደ ፈተናው ክብደት ወደ ሌላ መለኪያ ስለሚቀየር፣ ስህተቶችን በጣት ቆጥሮ ውጤትን አስቀድሞ ለመናገር መሞከር አያስኬድም። እኔ ሞክሬው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር አድሬ የደረስኩበት ግምት ከመጣው ውጤት ጋር አልተገናኘም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ መልስ ማመሳከር ፈጽሞ አይገባም ማለቴ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በቀጣዩ ትልቅ ፈተና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቃል ተገባባን፤ የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ድረስ ስላለፈው አንድም ነገር ላንናገር። ቃሉን መጠበቅ ከገመትኩት በላይ ከባድ ነበር፤ እግር ራሱ ወደ ክቡ ይወስዳል። የረዳኝ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሁሉም ሲያልቅ እንነጋገራለን፤ አሁን አእምሮዬን ለሚቀጥለው ልተውለት»። ይህን በትሕትና ሲናገሩት የሚቀየም ሰው አላጋጠመኝም። አንዳንዱ ግን ሄጄ ሳልርቅ ከኋላዬ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ይናገር ስለ ነበር፣ ከበሩ ወጥቼ ሳልቆም እስከ ግቢው ጥግ ድረስ መሄድን ልማድ አደረግኩት። አንዲት ጥያቄ አልለቅህ ካለችኝ በትንሽ ወረቀት ላይ አንድ መስመር እጽፋትና ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ የተጻፈ ነገር እንዳይረሳ ተብሎ በአእምሮ ውስጥ መመላለሱን ይተዋል፣ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ሆኖልኛል።

የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በኋላ ሦስታችንም ተገናኘን፤ ነገር ግን ከመነጋገራችን በፊት እያንዳንዳችን በየራሳችን ወረቀት ላይ የምናስታውሳቸውን ጥያቄዎች፣ የሄድንበትን መንገድ፣ የደረስንበትን መልስና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንን ጻፍን። መልስ ከመሰማቱ በፊት መጻፉ ብዙ ነገር ቀየረ። ማንም ሰው «እኔም እንደዚያው» ለማለት አልቻለም፤ ወረቀቱ ቀድሞ ተናግሯልና። ከአሥራ አራት ያህል ጥያቄዎች በዘጠኙ ተስማማን፤ በቀሩት አምስት ላይ አንዱ ሲያስረዳ ሌሎቹ እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደዚያ እንዳለ እየጠየቁት ሄድን። አንዱ በነጌቲቭ ቁጥር ሲያካፍል የ«ይበልጣል»ን ምልክት ሳያዞር ማለፉን ያገኘው እኛ ሳንነግረው፣ እየተናገረ ሳለ ራሱ ነው። በዘጠኙ ከተስማማንባቸው አንዷ ደግሞ ሦስታችንም የተሳሳትንባት ሆና ያገኘናት አንዳችን ደስ ብሎት መልሷን ወደ ጥያቄዋ መልሶ ሲተካ ነው። እርግጠኝነታችንን መጻፋችንም የየራሳችንን ድክመት አሳየን፦ እኔ እርግጠኛ ነኝ ብዬ የተሳሳትኩባቸው ሁለቱም የፕሮባቢሊቲ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም የተሳሳትኩት ቃል በደንብ ባለማንበቤ ነው። ስሌቱን ባለማወቅ፣ በሥራ መካከል በመሳሳትና ጥያቄውን በተሳሳተ መንገድ በማንበብ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ማጥናትን ይጠይቃል፣ ሦስተኛውን ግን የቱንም ያህል ማጥናት አያድነውም። እኔ ከዚያ በኋላ «ቢያንስ»፣ «ብቻ»፣ «ያልበለጠ» የሚሉ ቃላትን በጥያቄው ወረቀት ላይ ማስመር ጀመርኩ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ያንኑ ፈተና በሌላ ክፍለ ጊዜ ወይም በሌላ ቀን የሚወስዱ ተማሪዎች ካሉ ስለ ጥያቄዎቹ መነጋገር ሐሜት ከመሆን አልፎ ፈተናውን ማሾለክ ይሆናል፤ ብዙ ፈተና አውጪዎችም ይህን በደንባቸው ይከለክሉታል፣ ውጤት እስከ መሰረዝ የሚያደርስ ቅጣትም አላቸው። በስልክ የተላከች አንዲት መልእክት የት እንደምትደርስ ላኪው አያውቅም። ሁሉም ተፈትኖ መጨረሱን ሳታረጋግጡ ለቅርብ ጓደኛችሁም ቢሆን አትናገሩ።

ከውጭ የሚጠብቁ ወላጆችና ታላላቆችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። «እንዴት ነበር? ስንት ትጠብቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም፣ ልጁን ከክቡ አውጥቶ ሌላ ክብ ውስጥ ማስገባት ነው። የእኔ አባት በሁለተኛው ፈተና ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚቀጥለው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር። ለእሳቸው ቀላል ጥያቄ ነበረች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ታናሽ እኅቴ ተራዋ ደርሶ ስትፈተን ከሒሳቡ ወጥታ ወደ እኔ የመጣችው ፊቷ ጠቁሮ ነው፤ ሁለት ፈተናዎች ይቀሯት ነበር። «አንዲት ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ» አለችኝ። ወረቀትና እርሳስ ሰጠኋትና እንድትጽፋት ነገርኳት፤ ጽፋ ስትጨርስ ሳላነብ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ቅር ብሏት ነበር፤ ሆኖም ወደ ሚቀጥለው ትምህርት ማስታወሻዋ ተመለሰች። የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግስት ወረቀቷን ስመልስላት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ሠራቻት። ስለ ክብ ስፋት የምትጠይቅ ነበረች፤ በጥያቄው የተሰጠው ዲያሜትር ሲሆን እሷ እንደ ሬዲየስ ወስዳው ስፋቱን አራት እጥፍ አድርጋዋለች። አላለቀሰችም። ከሥሩ «ዲያሜትር ነው» ብላ ጻፈችና ሌሎች የምታስታውሳቸውን አምስት ጥያቄዎች ከነአሠራራቸው ደረደረች፤ ከዚያም ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው የሁለት ጓደኞቿን መልስ የምትቀበልበትን ባዶ ቦታ በማስመሪያ አሰመረች።